የቴስታታ ጋርኒሲዮን ሲያሳልፍ፦ ማሸጊያ ፈሳሽ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው አስፋልት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቱርቢን አልፎ የዲዳ ገልገሉን ጠፍ ሜዳ የጨረሰ መኪና የማርሳቢትን ዳገት ይጀምራል። እንስሳ የጫነ መኪና የተደበቀ ሕመሙን የሚናገረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሜዳው ላይ ደህና የነበረው የሙቀት መለኪያ ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋል፤ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ጥግ ይዞ ይቆማል። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። ከኋላ ለተጫኑት ፍየሎች ሲነፍስላቸው የነበረው ነፋስም መኪናው ሲቆም አብሮ ይቆማል።

በዚህ ሰዓት አንድ ሰው መፍትሔ ይዞ ብቅ ማለቱ አይቀርም፦ በጠርሙስ የሚሸጥና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ። «ቴስታታው ሳይፈታ ይድናል» ይባላል። የሐጅ ወቅት ሲቃረብና በርበራ ወይም ጅቡቲ ላይ መርከብ ሲጠበቅ ደግሞ ይህ ቃል ለነጋዴው ጆሮ ይጥማል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ጠርሙሱ የሚሠራበት ጊዜ አለ። የሚሠራው ግን ጠባብ በሆነ ሁኔታ ነው። በሌላው ሁኔታ ጋርኒሲዮን ብቻ የነበረውን ችግር የራዲያተርና የሙሉ ሞተር ችግር ያደርገዋል። ከዚያም በላይ መንገድ ላይ የቀሩትን እንስሳት ነፍስ ያስከፍላል።

ጋርኒሲዮኑ ምን ይይዛል?

ሞተር በዋናነት ሁለት አካል አለው። ታችኛው ፒስቶኖቹ የሚመላለሱበት ብሎክ ነው፤ ላይኛው ቫልቮቹን የተሸከመው ቴስታታ ነው። በሁለቱ መካከል የሚነጠፈው ስስ ዕቃ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ይባላል። ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ነጋዴ ኬንያ ውስጥ «ሄድ ጋስኬት» ሲባል የሚሰማው ይኸው ዕቃ ነው። ይህ ንጣፍ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንዳይቀላቀሉ ለያይቶ ይይዛል፦ ሲሊንደር ውስጥ የሚነደውን ጋዝ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ እና የሚያለሰልሰውን ዘይት።

የሦስቱ ግፊት እኩል አይደለም። የራዲያተር ክዳን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ግፊት 1 ባር አካባቢ ነው። ጭነት የያዘ ዲዝል ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ግን ነዳጁ ሲነድ ግፊቱ ከ100 ባር ያልፋል። ስለዚህ በሲሊንደሩና በውሃው መካከል ያለው የጋርኒሲዮን ክፍል የጸጉር ያህል ቢከፈት፣ ሞተሩ ሲሠራ ጋዙ ወደ ውሃው ይገፋል። ውሃው በትርፍ ማስወጫው ይወጣል፤ የጎደለ ውሃ የያዘ ሞተርም ይግላል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቀረው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ግፊቱ ከጭነት ጋር አብሮ እንደሚጨምር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቆሞ ሲሠራ ወይም ባዶውን ሲሄድ ደህና የሚመስል ሞተር፣ ሰንጋ ተጭኖበት ዳገት ሲወጣ የሚያፈስሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ

አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለትና ሦስቱ ሲገጥሙ ግን ፍርዱ ይጠነክራል።

በመጀመሪያ፣ ውጭ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃ በየቀኑ መጉደል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲነሳ፣ ገና ሳይሞቅ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ሲጨበጥ ድንጋይ መሆኑ። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ያንን ግፊት ሊፈጥር የሚችለው ከሲሊንደር የመጣ ጋዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ መታየቱ። ሲነሳ የሚወጣ ጥቂት አረፋ ታስሮ የቆየ አየር ሊሆን ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላም የማይቆም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አራተኛ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጢስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት መውጣቱ፣ ወይም የዘይቱ መለኪያ ሲመዘዝ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ሆኖ መታየቱ።

በአንዳንድ ጋራዦች ይህን የሚያረጋግጥ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ የቃጠሎ ጋዝ ካለ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ዲዝል ሞተር ባዶ ሲሠራ የሚያወጣው የቃጠሎ ጋዝ አነስተኛ ስለሆነ፣ ፈሳሹ ስላልተለወጠ ብቻ ሞተሩ ነፃ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይገባል። ሌሊቱን ውሃ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ከመሰለ ሞተሪኖውን ደጋግሞ መምታት አደገኛ ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቢዬላውን ያጎብጠዋል። መጀመሪያ ኖዝሉን ወይም ካንዴሌታውን አውጥቶ ሞተሩን ቀስ ብሎ በማዞር ውሃውን ማስወጣት ይሻላል።

ጋርኒሲዮን የሚመስሉ ሌሎች ብልሽቶች

ብዙ ቴስታታ ያለጥፋቱ ተፈትቷል። ከዚያ በፊት መታየት ያለባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ።

የራዲያተር ክዳን አንዱ ነው። ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ግፊቱን አይይዝም። ከፍታ ባለው አገር ይህ ይብሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የላላ ቺንጋ፣ የማይሠራ ቬንትሌተር፣ የተጣበቀ ቴርሞስታት እና የደከመ የውሃ ፓምፕም ሞተር ያፈላሉ።

የእንስሳት መኪና የራሱ የሆነ ችግርም አለው። የድርቆሽ ብናኝ፣ ደረቅ ፋንድያና የመንገድ አቧራ በራዲያተሩ ስንጥቆች መካከል ገብቶ ከዘይት ጋር ይጋገራል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ራዲያተር ከኋላው የተደፈነ ሊሆን ይችላል። ከውስጥ ወደ ውጭ በውሃ ማጠብ ብቻውን የዳገት ግለትን ያስቀረባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

ዘይት በራዲያተር ውስጥ ከተገኘ ተጠርጣሪው ጋርኒሲዮን ብቻ አይደለም። ብዙ የጭነት ዲዝሎች ዘይቱን በውሃ የሚያቀዘቅዝ የዘይት ማቀዝቀዣ አላቸው። እሱ ሲበሳ ዘይትና ውሃ ይቀላቀላል። አረፋም ቢሆን የአየር ፍሬን ባለው መኪና ላይ ሁለተኛ ምክንያት አለው፦ በውሃ የሚቀዘቅዘው የአየር ኮምፕሬሰር። የኮምፕሬሰሩ ጋርኒሲዮን ከተበላ የሚገፋው አየር ቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። የአየር ታንኮቹ ሞልተው ኮምፕሬሰሩ መጫን ሲያቆም አረፋው አብሮ ከቆመ፣ መፈታት ያለበት ኮምፕሬሰሩ እንጂ ቴስታታው አይደለም።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከማሸጊያዎቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሶዲየም ሲሊኬት ነው፤ «የውሃ መስታወት» ይባላል። በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይዞራል። ስንጥቁ ጋ ደርሶ ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ውሃውን ያጣና እንደ መስታወት ይደርቃል። ሌሎቹ ደቃቅ የመዳብ ብናኝ ወይም ቃጫ የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ብናኙ ስንጥቁ ውስጥ ተጠራቅሞ ይደፍነዋል። አሠራሩ ሹፌሮች ለተበሳ ራዲያተር ከሚነግሩት የእንቁላልና የቁንዶ በርበሬ ዘዴ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ይህኛው ሙቀትን የተሻለ መቻሉ ነው።

አደጋውም ከዚያው ባሕርይ ይመጣል። የሚደፍን ነገር የሚደፈነውን አይመርጥም። ራዲያተሩ በከፊል የተዘጋ ከሆነ የቀረውን ቀጭን ቱቦ ይዘጋል። ሲሊኬቱ ከአንዳንድ ፀረ በረዶ ፈሳሾች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይረጋና ዝልግልግ ይሆናል። ከሁሉም የከፋው ወደ ዘይት ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት አሮጌ መኪኖችን ከመንገድ ለማውጣት ባካሄደው ፕሮግራም፣ የተሰበሰቡት ሞተሮች ዳግም እንዳይሠሩ የተደረገው ዘይታቸው ወጥቶ በምትኩ የሶዲየም ሲሊኬት ፈሳሽ ተጨምሮባቸው ነው። ሞተሮቹ ጥቂት ደቂቃ ሠርተው ይደርቃሉ። ስለዚህ ዘይቱ ወተት በመሰለ ሞተር ላይ ማሸጊያ መጨመር ማለት ሞተር ለመግደል የተመረጠውን መድኃኒት በገዛ እጅ ማፍሰስ ነው።

መቼ ይሞከራል?

ማሸጊያ ትርጉም የሚኖረው እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ ነው፦ ፍሳሹ ትንሽና በውሃና በሲሊንደር መካከል፣ ወይም ከውሃ ወደ ውጭ ሲሆን፤ ዘይቱ ንጹሕ ሲሆን፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ቴስታታው ያልተጣመመ ወይም ያልተሰነጠቀ ሲመስል፤ መኪናውም ባዶ ሲሆን። ጋርኒሲዮኑ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ከተቃጠለ ውሃ እዚያ ስለማይደርስ ጠርሙሱ ምንም አያደርግም። ወደ ውጭ የሚያፈስሰው ዘይት ከሆነም አይረዳም።

የቤንዚን ሞተር ያለው ፒክአፕ ላይ ያለው ዕድል ከዲዝል ጭነት መኪና የተሻለ ነው፤ የሲሊንደሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነውና።

አጨማመሩ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መመሪያ ይቀድማል። በጥቅሉ ግን ሥራው የሚጀመረው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። መመሪያው ከፀረ በረዶ ጋር አይቀላቀልም ካለ ያለው ፈሳሽ ወጥቶ ራዲያተሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ማሸጊያው የሚፈሰው ራዲያተሩ ውስጥ ነው፤ ትርፍ መያዣው ውስጥ ከተጨመረ ሳይዞር እዚያው ይቀራል። ሞተሩ ለተባለው ጊዜ ያህል ያለ ጭነት ይሠራና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይተዋል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህን መጠበቅ ትቶ ወዲያው መንገድ ሲጀምር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደንብ አጭር ነው። የያዘ ማሸጊያ ባዶውን መኪና እስከ ጋራዥ የሚያደርስ ፋሻ ነው። እንስሳ ለመጫን የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም።

እንስሳ ተጭኖ መንገድ ላይ ከሆነ

መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ቀድሞ ማቆም «እስከ ከተማው ልድረስ» ከማለት ይረክሳል። ውሃው ካለቀ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። መለኪያው በድንገት ዝቅ ቢል እፎይታ አይደለም፤ ውሃው ከመለኪያው ጫፍ ወርዶ እንፋሎት ብቻ እየለካ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሞተሩ እስኪበርድ አይከፈትም፤ ግማሽ ሰዓትም ላይበቃ ይችላል። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ከበረደ በኋላ ውሃው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል።

ያ የመጠበቂያ ጊዜ የእንስሳቱ ነው። ሸራው ይገለጥ፤ ይቻል እንደሆነ መኪናው ከመጥፋቱ በፊት ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ይቁም። የወደቁት ይነሱ፤ በጎችና ፍየሎች ሲጨናነቁ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቆ ይታፈናል። የጀሪካኑ ውሃ ለራዲያተርና ለእንስሳት አስቀድሞ የተለየ ከሆነ ጭቅጭቅ አይኖርም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ስለ የብስ ማጓጓዝ ባወጣው ምዕራፍ 7.3 የጉዞ ዕቅድ ለድንገተኛ ችግር ምን እንደሚደረግ እንዲይዝ የሚጠይቀው ለዚህ ዓይነት ሰዓት ነው።

ውሳኔው ከመጀመሪያው ሰዓት ማለፍ የለበትም። ቀዝቅዞ ሲነሳ አረፋው ከታየ፣ ወይም ውሃ ተሞልቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንደገና ከፈላ፣ ያ መኪና ጭነቱን አያደርስም። ተተኪ መኪና የሚጠራው ያኔውኑ ነው እንጂ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሲመሽ አይደለም። ነጋዴው የሚያነጻጽረው ሂሳብም ግልጽ ነው፦ በአንድ በኩል የተተኪ መኪና ኪራይ፣ በሌላ በኩል የሚሞቱት እንስሳት፣ የሚከሱት፣ የሚያልፈው የገበያ ቀንና የሚሰነጠቀው ቴስታታ። ከመነሳቱ በፊት በየከተማው ሊመጣ የሚችል አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ስልክ የያዘ ሰው ይህን ውሳኔ ቶሎ ይወስናል።

እንስሳቱን ለማዛወር የሁለቱ መኪኖች ጀርባ ተገጣጥሞ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እግር በማያስገባ ጣውላ ይደፈናል። አውራ ጎዳና ዳር ከብት አውርዶ መልቀቅ ሌላ አደጋ ይወልዳል። የጤና ሰርተፍኬቱ ወይም የመተላለፊያ ወረቀቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥር ካለ፣ ቀጣዩ ኬላ ላይ ከመድረስ በፊት ለሰጠው ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ሰዓታት ያድናል።

በግቢ ውስጥ የሚሠራውና ቶርኖ ቤት የሚሄደው

ጋርኒሲዮን መቀየር ትዕግሥት ላለው መካኒክ በነጋዴው ግቢ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። የሚያበላሸው ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ጥድፊያ ነው።

ቴስታታ የሚፈታው ሞተሩ አድሮ ከበረደ በኋላ ነው፤ ትኩሱን የተፈታ ይጣመማል። ውሃውና ዘይቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቱቦና ሽቦ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳል። ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሐል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ይላላሉ። ካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ እንደ ቅደም ተከተላቸው መሰካት ብሎን ከመደባለቅ ያድናል።

የወጣው ጋርኒሲዮን አይጣል፤ ምስክር ነው። ከሲሊንደር ወደ ውሃ ቀዳዳ የሄደ ጥቁር መንገድ ካለበት ማፍሰሻው እዚያ ነበር። ምንም ቃጠሎ ካልታየበት ግን ስንጥቁ ቴስታታው ወይም ብሎኩ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ብቻ ገጥሞ መዝጋት ገንዘብ ማባከን ነው።

ገጾቹ የሚጸዱት በፕላስቲክ ወይም በደነዘ መፋቂያ ነው። በማሽን የሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብረቱን ይጎደጉዳል፤ ብናኙም ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታዎቹን ይበላል። የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት መቅረት የለበትም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የታሰረው ፈሳሽ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ቀጥሎ መለካት ይመጣል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ላይ በርዝመት፣ በስፋትና በአግድሞሽ ይቀመጣል፤ ፊለር ጌጅ የሚባሉት ስስ የመለኪያ ምላጮች ከሥሩ ይሞከራሉ። አምራቹ የሚፈቅደው ክፍተት እንደ ሞተሩ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በዓይን አይታይም፤ በጣት አይዳሰስም። «ቀጥ ብሏል» የሚል የዓይን ፍርድ እዚህ ላይ አይሠራም። የብሎኩም ገጽ እንዲሁ ይለካል።

ከልክ በላይ የጋለ ቴስታታ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት። እዚያ በግፊት ተፈትሾ ስንጥቅ ይፈለግበታል፤ ከዚያ በኋላ ካስፈለገ ገጹ ይላጋል። አንዳንድ የዲዝል ቴስታታዎች መላግ ጨርሶ አይፈቀድባቸውም፤ የሚፈቀድባቸውም ዝቅተኛ የውፍረት ልክ አላቸው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

አዲሱን ጋርኒሲዮን ሲገዙ የመኪናውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም። የብዙ ዲዝል ሞተሮች ጋርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ይሠራል፤ ውፍረቱም በጠርዙ ላይ ባሉ ጥርሶች ወይም ቀዳዳዎች ይታወቃል። የሚመረጠው ፒስቶኑ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። ቢያንስ አሮጌውን ይዞ መሄድና ምልክቱን ማመሳሰል ያስፈልጋል። መመሪያው ካላዘዘ ሲሊኮን ወይም ሌላ ማጣበቂያ አይቀባም።

ብሎኖቹ የሚጠብቁት ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ በቶርክ መፍቻ ነው። ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ከመጨረሻው ዙር በኋላ በዲግሪ የሚለካ ተጨማሪ ማጥበቅ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያሉት ብሎኖች ሲጠብቁ የሚሳቡ ስለሆኑ ብዙዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ አይታመኑም። በክንድ ጉልበት የጠበቀ ቴስታታ የሚለቀው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ነው።

በመጨረሻ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ይገባል፤ ከውሃው መስመር አየሩ ይወጣል። መኪናው ባዶውን ይሞከራል፤ ውሃው ይታያል። ቀጥሎ እህል ወይም አሸዋ ጭኖ ዳገት ይወጣል። ከጥገና በኋላ የሚጫነው የመጀመሪያ ጭነት ነፍስ ያለው መሆን የለበትም።

ለምን ተቃጠለ?

ጋርኒሲዮን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይሞትም፤ ግለት ይገድለዋል። የግለቱ ምንጭ ሳይገኝ የተቀየረ ጋርኒሲዮን ተመልሶ ይቃጠላል።

በዚህ መስመር ላይ ሁለት ልማዶች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ የውሃውን ማቋረጫ መንገድም የሚዘጋ ስለሆነ፣ ሲወጣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል፤ ሞተሩም በጭነት ጊዜ ይበልጥ ይግላል። ሁለተኛው ከኩሬና ከጉድጓድ የተቀዳ ጨዋማ ውሃ ዓመቱን ሙሉ መጠቀም ነው። ጨውና ኖራው ቱቦውን ይደፍናል፤ ዝገቱ የጋርኒሲዮኑን ጠርዝና የአሉሚኒየም ቴስታታን ይበላል። ለድንገተኛ ጊዜ ማንኛውም ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ለዘወትር ግን በአምራቹ ልክ የተቀላቀለ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከጋርኒሲዮን ሥራ ይረክሳል።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

ከሽያጭ በፊት ጠርሙስ ማፍሰስ የተለመደ ማታለያ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ገዢው ራሱ ቀዝቃዛውን ማስነሳት አለበት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። የራዲያተሩ አፍ ላይ የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ፣ የሚያብረቀርቅ ቃጫ ወይም የረጋ ዝልግልግ ነገር ከተገኘ ማሸጊያ ገብቶበታል። አዲስ የተቀባ የቴስታታ ዙሪያም መጠየቅ ያለበት ነው። የሙከራ ጉዞው ሜዳ ላይ ብቻ ከሆነ ምንም አይናገርም፤ ዳገት ይፈለግ፤ ከተቻለም በጭነት።

ከመጫን በፊት ያለው ጠዋት

የሚከተለው ፍተሻ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚሠራውም እንስሳቱ ገና በበረቱ ሳሉ ነው። ክዳኑ በቀዝቃዛው ይከፈትና የውሃው ልክ ከትናንቱ ጋር ይነጻጸራል። የዘይቱ መለኪያ ተመዝዞ ቀለሙ ይታያል። ሞተሩ ይነሳና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ መኖሩ ይታያል፤ ቀጥሎ ክዳኑ ተዘግቶ የላይኛው ጎማ ይጨበጣል። ቺንጋውና የራዲያተሩ ስንጥቆች ይቃኛሉ። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አንዱ ለሞተር አንዱ ለእንስሳት፣ ይጫናል።

ከእነዚህ አንዱ አጠራጣሪ ከሆነ ያን ቀን ሌላ መኪና መከራየት ይቆጫል፤ ትርፍ ይቀንሳል፤ ከደንበኛም ያጋጫል። ያው ጥርጣሬ ግን ቀትር ላይ፣ የማርሳቢት ዳገት ግርጌ፣ 60 ፍየል ከኋላ እየጮኸ ከተረጋገጠ ዋጋው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።